ኛሩዋች እና በሩን ያስዘጋው አዛዥ

ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ኛሩዋች ማይክ ይዛ ፊልም ወደ አማርኛ ትተረጉማለች። ያደገችው ጋምቤላ፣ ስደተኛ ካምፕ ነው፤ አማርኛዋም የዚያው ነው። ተመልካቾቿ እንደ እሷ ከኢትዮጵያ የተመለሱ፣ ወይም አማራት በሚባለው የጁባ ሰፈር ሆቴሎች ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከሁሉ የሚወዱላት አንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ነው። የመርከቧ አዛዥ ቁጥብ ሰው ነው፤ ኛሩዋች ግን ቀልድ ትጨምርለታለች። ሞተሩ ሲበላሽ «የጁባ መንገድ ላይ የተነዳች መርከብ ምን ትሁን!» ታሰኘዋለች። ጨምራ እንደምትተረጉም ሁሉም ያውቃል፤ የሚመጡትም ለዚሁ ነው።

አዲሱ ምዕራፍ ግን ጨለመ። ቀድማ ለብቻዋ ስታየው ፕላኔቷ ትቃጠላለች፤ ሸሽተው የመጡ ሰዎች አስገቡን እያሉ መርከቧን ይደበድባሉ፤ አዛዡ በሩን ያስዘጋል። ጭንቀቷን አማራት ምግብ ቤት ላለው ለከፈለ ነገረችው።

«ስሚኝ እህቴ፣ በትርጉምሽ በሩን ክፈቺው» አላት። «ሰው የሚመጣው ሊስቅ ነው። ካዘነ ነገ ኳስ የሚያሳየው ቤት ነው የሚገባው።»

«በሩ ሲዘጋ እያዩት፣ ጋሽ ከፈለ?»

«ለጥገና ነው በይዋ!»

ሳቀች። ስጋቱ ግን እውነት ነበር፤ መተዳደሪያዋ ይህቺው ቤት ናት።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ ትዕይንቱ ደረሰ። ውጭ የቀረች ሴት ሕፃን ታቅፋ እየተዘጋ ያለውን በር ትመታለች።

«ያላ ኛሩዋች! አንድ ቀልድ ጣል አርጊና ይክፈት!» አሉ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌው ጋች።

እዚህ ከተቀመጡት ግማሹ ድንበር በእግሩ የተሻገረ ነው። በእነሱ ፊት «ጥገና» ማለት አፏ አልታዘዝ አላት።

«ሰዎቹ ውጭ እንዳሉ አውቃለሁ። ዝጉት» ብላ የአዛዡን ቃል ተረጎመች። ምንም አልጨመረችም።

ጋች ተነሡ። «ውሸት! እሱ እንዲህ አይልም፤ አንቺ ነሽ!»

«ቀልዱ የእኔ ነበር፣ አባባ። ይሄ የራሱ ነው።»

ጋች ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ! ለእኔ እኮ የማያውቁኝ ሰዎች ከፍተውልኛል!»

ከዚያ ማን ዝም ይበል። አንዱ አዛዡን ይሰድባል፣ ሌላው የመርከቧ ምግብ ለሁሉም አይበቃም ይላል። ድምፅ ማጉያው አልሰማ ሲል ኛሩዋች ፊልሙን አቆመችው። የወጣ ሰው ግን የለም።

«እኔ ብሆን እከፍት ነበር» አለ ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ከፈለ።

«አንተማ ምግብ ልትሸጥላቸው!» አለችው አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ኛሩዋች ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «ልቀጥል?»

«ቀጥይ» አሉ ጋች እየተቀመጡ፤ «ብቻ ምንም እንዳትጨምሪ።»