በኬዙ አናት ላይ

ዲላ ውስጥ ኮምፒዩተር አልነሳም ሲል ወደ ፈይዛ ይወሰዳል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየጠበቀች ሳለ ሥራው ራሱ በሰው ትከሻ እየተጫነ መጣላት። ከፍታ ስታየው በሽታው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ በቡና ወቅት ከማበጠሪያው የሚነሳው የገለባ ብናኝ ማራገቢያው ላይ ተጋግሮ ማሽኑ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለማሽን ምላሷ ስለታም ነው። “ይሄ ያበቃለት ነው፣ አትድከሙ” ለማለት ዓይኗን አታሽም። ለሰው ሲሆን ግን ያ ምላስ የት እንደሚገባ እንጃ። ሻይዋ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ቢጨምሩባት “ይጣፍጣል” ብላ እስከ ጭላጩ የምትጠጣ ልጅ ናት። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ከአባቷ ከሀጂ ሙሐሲን የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ጎን አንድ ባዶ ክፍል አለ። ፈይዛ ያንን ክፍል ጌም ቤት ልታደርገው ትፈልጋለች። ፕሌይስቴሽን ያላቸው ቤቶች በከተማው ሞልተዋል፤ የእሷ ግን እውነተኛ የጌም ኮምፒዩተር የተደረደረበት እንዲሆን ነው ያሰበችው። አባቷ ደግሞ ሲሚንቶ ሊያከማችበት ይፈልጋል። ለሳምንታት በዚህ ተኳርፈው እናቷ ሀጅራ ገባችበት። “ልጅቷ ከነገረችህ ስማት እንጂ!” እያለች ጠዋት ማታ ነዘነዘችው፤ በመጨረሻ ሀጂ እጁን ሰጠ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

“አንዱን ማሽን አምጪና ልጆቹ ከረፋድ እስከ አስር ሶላት ይጫወቱበት” አላት። “ሳይጠፋ ከዋለ ክፍሉ ያንቺ ነው። አንዴ ከጠፋ ግን ሲሚንቶዬን አስገባለሁ። መብራት ከሄደ አይቆጠርብሽም፤ እሱ የሁላችንም ዕጣ ነው።”

ፈይዛ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይልቅ የተጨነቀችው ለኬዙ፣ የማሽኑ ዕቃ ሁሉ ለሚገጠምበት ሳጥን ነው። ወንድሟ አዲስ አበባ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ፎቶ ይልክላታል፣ እሷ ትጥላለች። ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነውን “ቆንጆ ነው፣ ግን አየር የሚስብበት አፍንጫ የለውም” አለችው። መብራቱ እንደ ሠርግ ቤት የሚያብለጨልጨውን “ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ሲያገሳ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል” ብላ መለሰችው። የወደደችው ፊቱ ወንፊት የሆነውን ነው፤ ከወንፊቱ ኋላ እየወጣ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ አለው፣ ጎኑ መስታወት ነው፣ የጨዋታውን ምስል የሚያወጣውን ረጅሙን ግራፊክስ ካርድ የሚችል ሰፊ ሆድ አለው። ከሁሉም ያሸነፋት ግን አናቱ ነበር። ሙቀት የሚሄደው ወደ ላይ ነውና አናቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች ተገጥመውለት ትኩሱን አየር ይተፉታል። ለዲላ የሚሆን ኬዝ ይሄ ነው ብላ ቆረጠች።

የፈተናው ቀን ሀጂ ሙሐሲን ወዳጁን ጋሽ ተሻለን በምስክርነት ጠራ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሊጫወት የመጣው ግዛቸው የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኮምፒዩተሩ በርቶ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሀጅራ አዲስ ሻሿን አስራ ገባች። በእጇ አንድ የተጣጠፈ ነገር ይዛለች።

ዳንቴል ነበር። በዚያ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ራቁቱን እንደቆመ ይቆጠራል፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ሬዲዮውም የየራሳቸው አላቸው። ይሄኛው ግን የተለየ ነው። ዓይኗ ደክሞ ክሩን እያጠጋች ስትሠራው የከረመችው፣ ከሥሩ በሳቲን የገበረችው፣ ጠርዙ ከኋላ በኩል እስከ ወገቡ የሚወርድ ነው። ኬዙ አናት ላይ አነጠፈችው። በላዩ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው አቆመችበት።

“ማሻ አላህ!” አለ ሀጂ ሙሐሲን፤ በዚያ ቀን ፊቱ ሲፈታ የመጀመሪያው ነበር።

ፈይዛ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። የላይኞቹም ከጀርባው ያለው ማራገቢያም በሳቲኑ መታፈናቸውን ያየችው ያን ጊዜውኑ ነው። “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ይባላል። አንድ ቃል በእናቷ ጆሮ ሹክ ብትል ያበቃ ነበር። ግን እናቷ እንዲያ ደምቃ፣ አባቷ እንዲያ ፈገግ ብሎ፣ በእንግዳ ፊት? ትንሽ ቆይቼ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መናገሩ ባሰ።

የማሽኑ ሙቀት ስክሪኑ ጥግ ላይ በቁጥር ይታያል። ሰባ ሲል ፈይዛ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አራቀችው። ሰማንያ ሲል የፊቱን ማጣሪያ አውጥታ አራግፋ መለሰችው፤ ንጹሕ ነበር። የፊቱን ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ጮኸ እንጂ አልጠቀመም። እናቷ ሻይ ልታመጣ ወጣች፤ ፈይዛ እጇን ወደ ዳንቴሉ ስትልክ ጋሽ ተሻለ፣ “ይህን ያህል ጥበብ! እናትሽ እጇ ይባረክ” አሉ። እጇ ተመለሰ። ላቧ በጀርባዋ ሲወርድ ይሰማታል። በራሷ ተናደደች፤ በዳንቴሉ ተናደደች፤ በአበባውም ተናደደች።

“ፈይዚ፣ ፍሬም እየጣለ ነው፣ ምስሉ ይቆራረጣል” አለ ግዛቸው። “የሆነ ነገር አፍኖታል እንዴ?”

“ተጫወት!” ብላ ጮኸችበት።

ሀጅራ ሻዩን አቅርባ ከኬዙ አጠገብ ተቀመጠች። ቁጥሩ ዘጠና አለፈ። መቶ ሲል ማሽኑ ራሱን እንደሚያጠፋ ፈይዛ ታውቃለች። አባቷ የሚያወዛውዘውን እግሩን አቁሞ አንዴ ስክሪኑን አንዴ ፈይዛን ያያል። ጨዋታው ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ማለት ጀመረ። ዘጠና ስድስት። ዘጠና ሰባት።

የፈሩት ይደርሳል። ፈይዛ ዘላ ተነስታ ዳንቴሉን በአንድ እጇ መነጨቀችው። አበባው ወድቆ ማስቀመጫው የሲሚንቶው ወለል ላይ ተሰበረ፤ ስባሪው እስከ እናቷ እግር ድረስ ተንከባለለ። “ያፍነዋል! እያፈነው ነው!” ስትል የሰማችው የራሷን ድምፅ አልመሰላትም።

ጋሽ ተሻለ ብርጭቋቸውን አቀርቅረው ያዩ ጀመር። ሀጅራ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፤ ስባሪውን በመዳፏ ሰብስባ ወጣች። ከኬዙ አናት እንደ ምድጃ የጋለ አየር ሽቅብ ተነሳ፤ ቁጥሩም ይወርድ ጀመር።

የአስር አዛን ሲሰማ ማሽኑ በርቶ ነበር። ሀጂ ሙሐሲን የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ቃል ቃል ነው” አለ። “የእናትሽን ነገር ግን እኔ አልገባበትም።”

ፈይዛ ዳንቴሉን አጣጥፋ ይዛ እናቷን ግቢው ውስጥ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት።

“እማ፣ ከላይ የሚተነፍስበት ቦታ ስለነበረ ነው...”

“ለሳጥኑ መሰለሽ የሠራሁት?” አለች ሀጅራ ቀና ሳትል። “ነገ ያ ክፍል በወንድ ልጅ ይሞላል። የሚያውቅሽም የማያውቅሽም ይገባል። ገና ከበሩ ሲያየው፣ ይቺ ልጅ ከኋላዋ እናት አለቻት እንዲል ነበር።” ድምፅዋ ተሰበረ። “በጆሮዬ ብትነግሪኝ በገዛ እጄ አነሳው አልነበር?”

“ፈራሁሽ እማ።”

ሀጅራ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። እንባዋ ገና አልደረቀም።

“እናትሽን የፈራሽ፣ እነዚያን ጎረምሶች እንዴት አድርገሽ ልታዥ ነው?”

ከክፍሉ ግዛቸው “ፈይዚ፣ ተራው የማነው? ልጆቹ ሊደባደቡ ነው!” እያለ ይጣራ ነበር።