የእትዬ አስካለ የማር ዳቦ

ልጅ እያለሁ፣ ለትምህርት ከሞጣ ቢቸና አክስቴ ዘንድ በተላክሁበት ዘመን፣ ሰፈራችንን የሚያውደው ሽታ ከእትዬ አስካለ ቤት ይወጣ ነበር። ባላቸው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ድሬዳዋ፣ ለባቡር ሥራ ከመጡ ፈረንሳዮች ቤት ወጥ ቤት ሆነው የኖሩ ሴት። ከማዳማቸው የተማሩትን የማር ዳቦ ቢቸና ድረስ ይዘውት መጡ።

ልጅ አልነበራቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥር ላይ ይጠሩኛል። አባቴ ከሞጣ የሚልክልንን ማር በጣሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን እወቅጣለሁ፣ ዝንጅብሉን እልጣለሁ። ማሩን በትንሽ ውሃ ለብ አድርገው ዱቄቱ ላይ ሲያፈሱት አፌ ውሃ ይሞላል። ከድስቱ ሥር ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም። ከበሰለ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ካላደረ አይቆረስም። «ትኩሱን የሚበላ ጣዕሙን አያውቀውም» ይሉኝ ነበር፣ ትከሻዬን እያሻሹ። እናቴ ሩቅ ናትና እሳቸውን እንደ እናት ቆጠርኳቸው።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። አክስቴ ዳቦውን በእጃቸው ይዘው «የጾም ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«ማርና ዱቄት ምን ፍስክ አለው? ኪዳነ ምሕረትን!»

ከዚያ ወዲያ አክስቴና ጎረቤቶቻቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚቀምሱት እሱን ሆነ። ቆርሼ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ኩራቴ ለጉድ ነው።

አንድ ቀን ሊጡ ሊለወስ ሲል እትዬ አስካለ ውሃ ቅጂ ብለው ላኩኝ። ሁልጊዜም እዚህ ላይ ሲደርሱ ይልኩኝ ነበር። ማሰሮውን ረስቼ ከደጅ ስመለስ፣ ሁለት እንቁላል ሊጡ ላይ ሲሰብሩ አየሁ።

«እትዬ! ጾም አይደለም እንዴ?»

«ዝም በዪ» አሉኝ፤ አልደነገጡም። «ያለሱ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ማን ያውቃል?»

እየሮጥኩ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኩ። አክስቴ በፍልሰታ መጨረሻ ሊቆርቡ የተዘጋጁ ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ እኔን በእጃቸው ይዘው ሄዱ። እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀበሉን። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና፣ እንደ ወትሮው እያሻሹኝ፣ «እሷ ናት የሰበረችው። ደብቄላት ነበር እኮ። ልጅ ናት፣ ይማሯት» አሉ።

«እኔ አይደለሁም» እንኳ ማለት አቃተኝ። አክስቴ ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት።

«ደግሞ በሰው ታላክኪያለሽ!» አሉኝ።

በርበሬ ታጠንኩ። ንስሐ አባታችን ቀኖና ሰጡን፤ አክስቴ በዚያ ዓመት ሳይቆርቡ ቀሩ። ለአባቴም ደብዳቤ ተጻፈና መስከረም ሳይጠባ ሞጣ ተመለስኩ። እትዬ አስካለ ባላቸው ሲዛወሩ ከቢቸና ሄዱ፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም። አክስቴ እስኪሞቱ ድረስ፣ በፍልሰታ በተገናኘን ቁጥር «ይቺ እንቁላል ሰባሪ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነቱን ብነግራቸውም «ተይው፣ ልጅነት ነው» ከማለት አላለፉም።

የበርበሬው ጢስ ከተረሳኝ ቆይቷል። ያቺን እጅ ግን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አውቃታለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ብዙ ሰው ዋሽቶብኛል፣ ችዬዋለሁ። ያኔ ግን የሚወደኝ ሰው እያሻሸኝ ይዋሽብኛል ብዬ አላስብም ነበር።