አጥሩ ላይ የተሰጣው ምንጣፍ

የዋና ገንዳውን የሚጠብቀው ሰውዬ ጠብ አይወድም። ጠብ ግን እሱን ትወደዋለች። በግቢው ውስጥ አርባ አባወራ አለ፤ ከአርባው አንድም "እንዴት አደርክ" የሚለው አልነበረም። ስሙንም ትተው "ጋሽ አጥር" አሉት።

ጥፋቱ ምንድን ነው ቢባል፣ የታዘዘውን መሥራቱ ነው። ገንዳው ያለቀ ጊዜ መሐንዲሱ አጠገቡ አቁሞ አንድ በአንድ ነግሮታል። አጥሩ ከደረት በታች አይሁን። በብረቱ መሀል የልጅ ጭንቅላት አይለፍ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱ ይዘጋ፣ መቀርቀሪያው ልጅ ከማይደርስበት ይሁን። አጥሩ ላይ ምንም አይሰቀል፣ ሥሩም መወጣጫ የሚሆን ነገር አይቀመጥ፤ ውሃው ከውጭ መታየት አለበት። ሰውዬው ከፊደል ጋር ብዙም አይተዋወቅም፤ በጆሮው የገባውን ግን አይጥልም።

የግቢው ሰው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ምንጣፍ ያጥባል። ሕንፃው ሁሉን ጥላ አልብሶት ፀሐይ የሚያገኘው ያው የገንዳው አጥር ብቻ ነው። እናም ቅዳሜ ሲሆን አጥሩ በምንጣፍና በብርድ ልብስ ይሸፈናል። እሱ ያወርዳል፣ እነሱ ይሰቅላሉ። እሱ ያወርዳል፣ እነሱ ይሰድባሉ።

ከሁሉ የከፋችው የምድር ቤቷ ሴትዮ ናት። ነጎድጓድ ይሏታል፤ በሌለችበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ!

"አንተ! ምንጣፌን መሬት ጣልከው?"

"አጥፌ ነው ያስቀመጥኩት፣ እትዬ።"

"እትዬ አትበለኝ! እናትህን አክላለሁ እንዴ?"

"አይ... እህቴ።"

"እህትህም አይደለሁም!"

ጎረቤቷ ሹፌሩ ከሰገነቱ ሆኖ፣ "ተይው ባክሽ፣ ውሃውን እንዳንሰርቀው ፈርቶ ነው" አለና ግቢውን አሳቀበት።

ሴትዮዋ ከሰሰች። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢም ሰውዬውን ጠርቶ፣ "ወይ ምንጣፉን ትተዋለህ፣ ወይ ሥራውን ትተዋለህ። ቅዳሜ ሰው በተሰበሰበበት መልስ ትሰጣለህ" አለው። ለሰውዬው ይሄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ በሚስቱ ወንድም ቤት ሶፋ ላይ ከተኛ በኋላ ያገኘው ሥራ ነው።

ቅዳሜ ሰዉ ገንዳው አጠገብ ተሰበሰበ። የነጎድጓድ ወፍራም ምንጣፍ ዛሬም አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ጫፉ አፈር እንዳይነካ ብላ ከሥሩ የማጠቢያ ሳፋዋን ገልብጣ አስቀምጣለች። ሦስት ዓመት የሞላት ልጇ ሚጣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ትጫወታለች።

"በል ተናገር" አለ ሰብሳቢው።

ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ያጠናው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። ሰዉ ይስቃል። ያን ጊዜ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ በሩን ከፍቶ ወደ ገንዳው ገባ። በሩ ከኋላው ራሱ ተዘጋ።

"ሊዋኝ ነው!" አለ ሹፌሩ።

ሰውዬው ከምንጣፉ ኋላ ቆመና ውሃው ላይ ተንሳፍፎ የቀረ የልጆች ኳስ አንስቶ ከፍ አደረገ። "ሚጣ! ነይ ውሰጂ!"

ልጅቷ ሮጠች። ሳፋው ላይ ወጣች፣ ምንጣፉን በሁለት እጇ ጨመደደች፣ አንድ እግሯን አነሳች። እናቷ ዞር ከማለቷ ሚጣ በሆዷ አጥሩ ላይ ነበረች፤ ቀጥላም በጭንቅላቷ ተዘቅዝቃ ወደ ውሃው በኩል ወረደች። ሰውዬው ኳሱን ጥሎ ቀለባት።

"ይኸው" አለ። ንግግሩ ይኸው ነበር።

 ከዚያ ነጎድጓድ በሩን በርግዳ ገብታ ልጇን ነጠቀችው።

"ልጄን መሞከሪያ አደረግሃት? ውሃ አፋፍ ላይ? ብታመልጥህስ ኖሮ?"

ሰውዬው ብታመልጠኝስ ብሎ አላሰበም። የሚናገር አፍ ቢኖረው በአፉ ያስረዳ ነበር፤ አፍ ሲያጣ የሰውን ልጅ መናገሪያ አደረገ። 

"የገንዳውን በር ቁልፍ አስቀምጥና ሂድ" አለ ሰብሳቢው። አንድም ሰው "ተው" አላለም።

"ማን ይረከበኝ?"

"አስቀምጠዋ!"

"የገንዳ ቁልፍ መሬት አይቀመጥም። በሰው እጅ ነው።"

ሰብሳቢው ሹፌሩን አየ። ሹፌሩ፣ "እኔ መንገደኛ ነኝ" አለ። ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ። ሰብሳቢው ራሱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ኮሚቴው ተነጋግሮ..." ብሎ ዋጠው። ሁሉም በየልቡ ሳፋውንና ምንጣፉን እያየ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ልጅ ቢወድቅ ተጠያቂው ያን ቁልፍ የያዘው ሰው መሆኑን አውቋል።

"ሰው ካልተረከበኝ አልሄድም" አለ ሰውዬው። ድምፁ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እሱም ደነገጠ።

"አምጣ ወዲህ!" ነጎድጓድ ልጇን አዝላ ቁልፉን መነጨቀችው። "ደግሞ ቆሞ ይከራከራል! ዳግመኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ!"

ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። የግቢው መውጫ በር ሳይደርስ ከኋላው ያ ወፍራም እርጥብ ምንጣፍ መሬት ሲወድቅ ሰማ። ቀጥሎም ግቢውን የሚያናውጥ ጩኸት መጣ።

"ይሄ ብርድ ልብስ የማን ነው? የአንተ ነው አይደል፣ ሹፌሩ? ና አውርድ!"

"አንቺ ደግሞ ጀመርሽ?"

"አዎ ጀመርኩ! ታወርዳለህ ወይስ ውሃው ውስጥ ልክተተው?"