የቄሱን ልጅ ጀርባ የያዝኩ ዕለት

ትናንት ልጄ ከኋላዬ ዘሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ትንፋሹ ጆሮዬን ሲያሞቀው፣ እመነኝ፣ የገብስ ገለባ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቼ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ስልኩ ላይ የብራዚል ጁጂትሱ የሚባል ትግል ቪዲዮ ነበረው። ሰውየው ከባላጋራው ኋላ ይዞራል፣ በእግሮቹ ወገቡን ይቆልፋል፣ በክንዱ አንገቱን ያንቃል፤ አለቀ። ቤተሰቦቼ ለስንቅ በላኩልኝ የገብስ ጆንያ ላይ ወር ሙሉ ተለማመድኩ። ጆንያው አንድ ቀንም አሸንፎኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የለፋሁት ለአባቴ ነበር። አባቴ በጉብዝናው ዘመን በትግል ጀርባው መሬት ነክቶ አያውቅም ይባላል። እኔን ግን የደብራችን ቄስ ልጅ በየዓመቱ አውድማ ላይ ይዘርረኛል። ያን ጊዜ አባቴ መንሹን ተደግፎ፣ ነፋስ የሚፈልግ መስሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። አንዲት ጊዜ እንኳ ፊቱን ሳያዞር እንዲያየኝ ፈለግሁ።

በጥር ለውቂያ አገር ቤት ወረድኩ። ገብሱ ተወቅቶ ለማዝራት ነፋስ ስንጠብቅ እንደ ልማዱ ትግል ተጀመረ። የቄሱ ልጅ ሊያነሳኝ ሲመጣ በብብቱ ሥር ሾልኬ ከኋላው ዞርኩ። ተንጠለጠልኩበት፣ እግሮቼን ቆለፍኩ፣ አንገቱን ያዝኩ። ተንገዳግዶ ወደ ኋላ ወደቀ፤ እኔ ከሥር፣ እሱ ከላይ። በመዳፉ ክንዴን ይመታ ጀመር። በብራዚሎቹ ሕግ ይህ እጅ መስጠት ነው።

"ወደቀ!" አሉ ዳኛው ሽማግሌ።

"አዎ ወደቀ!" አልኩ ከሥር ሆኜ።

"አንተን ነው እንጂ! የማን ጀርባ ነው ገለባው ላይ ያለ?"

"ኧረ ይዩ፣ በብራዚል ሕግ እጁን ሰጥቷል!"

"ምኑን ሰጠ? ፍራሽ አርጎህ ተኝቶብሃል! በል ልቀቀው፣ የቄስ ልጅ እንዳትገልብን።"

አውድማው በሳቅ ፈረሰ። የጠበቅነው ነፋስ መጥቶ ሲያልፍ ልብ ያለው የለም። አፍሬ አባቴን ፈለግሁት። ሰማይ አያይም ነበር። መንሹን ጥሎ፣ እኔን እያየ፣ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ታመመና አዝዬው መኪና ወዳለበት መንገድ ወረድኩ። ከዚያ ጆንያ ይቀል ነበር። ክንዶቹን አንገቴ ላይ ጠምጥሞ፣

"የቄሱን ልጅ እንዲህ ነበር የያዝኸው?" አለኝ።

"አዎ፣ አባቴ።"

"በብራዚል ሕግ አሸንፌሃለኋ!"

"አሸንፈኸኛል።"

ሲስቅ ሳቁ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። ከሄደበት ሕክምና በሕይወት አልተመለሰም።

ትናንት ልጄ፣ "አባዬ፣ ልልቀቅህ?" አለኝ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።