ሰባት ክንፍና የጓደኛዬ ደብተር

ሞተር የሌላትን፣ በሪሞት የምትመራ ትንሽ አውሮፕላን አየር ላይ የሚያቆያት የክንፏ ቅርጽ ነው። ጀርባው ምን ያህል ይጉበጥ፣ ሆዱ ምን ያህል ይሳሳ፣ ሥራው ሁሉ ይኸው ነው። ቡታጅራ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ተለክፌ ነበር።

ፎሙን የሚሰጠኝ ጓደኛዬ ነው። ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ያስቀምጥልኛል። በጋለ የምድጃ ሽቦ ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። እሁድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብለን ከኮረብታ ላይ እንለቃታለን። እኔ ዓይኔን ከእሷ መንቀል ስለማልችል ሰዓት የሚይዘውና ደብተር ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። አየር ላይ የቆየችበት ጊዜ ከጨመረ በያዝኩት ቅርጽ እቀጥላለሁ፤ ከቀነሰ ወደ ቀድሞው እመለሳለሁ። ደብተሩ ላይ ግን ጊዜው ሁልጊዜ ይጨምር ነበር። ሰባተኛው ክንፍ ላይ ስደርስ ቅርጹን ተማሪዎቼ ፊት ሰሌዳ ላይ ስዬ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ እሁድ እሱ ለሰርግ ቆሼ ከተማ ሄደ። ስልኬን ድንጋይ አስደግፌ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ብቻዬን አበረርኳት። ለማወዳደር የመጀመሪያውንም ክንፍ ይዤ ነበር። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ሳየው አሮጌው ሰባተኛውን በልጦታል። ነፋሱ ነው ብዬ በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሦስቴ ደገምኩት። ያው ነው።

ሱቁ ሄጄ ስለ ሰርጉ እንኳ ሳልጠይቀው ደብተሩን ፊቱ ወረወርኩት።

«እነዚህን ቁጥሮች ከየት አመጣሃቸው?»

የያዘውን ወረንጦ አስቀመጠ። «ወላሂ፣ መጀመሪያ በደንብ እይዝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቀነሰ፤ ፊትህን ሳየው አሳዘንከኝ፤ ትንሽ ጨመርኩልህ። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎህ ሰነበትክ። ከዚያማ እንዴት ልተወው?»

ቢሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር። የእኔ ናቸው የምላቸውን ክንፎች ያጎበጣቸውም ያሳሳቸውም የእሱ ርኅራኄ ነው። እንደ ሕፃን ሲያባብለኝ ኖሯል!

ያም ሆኖ አንድ ተስፋ ነበረኝ። ውሸቱ የት ላይ እንደጀመረ ካወቅኩ ከዚያ ተነስቼ መሥራት እችላለሁ። እስክሪብቶ ሰጠሁት።

«የጨመርክባቸውን አክብብልኝ።»

ገጾቹን ወደፊት ወደኋላ ገለባበጠ። አንዱ ቁጥር ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ አነሳው። «አላስታውስም» አለኝ። «ትክክለኞቹንም አላውቃቸውም።»

ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ወዲያው አጎነበሰና ቶሎ ቶሎ ሦስት ቁጥር አከበበ።

«እነዚህ ብቻ ናቸው» አለኝ። «ሌላው ሁሉ እውነት ነው።»