አበባው ስር ምን አለ?

የመሄጃዬ ዋዜማ ከተማችን ሚዛን እንደ ልማዷ ዘነበች። ለእናንተ ለሚዛኖች ይሄ ዜና አይደለም፤ የማነሳው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንዲያ ሲወርድ እኔና እማዬ የምንነጋገረው እየጮኽን ስለነበር ነው። እየጮኹ ሲሰነባበቱ ደግሞ ማልቀስ አይመችም።

"ሹራብ ያዝሽ?" ትላለች እማዬ።

"እማዬ፣ በረሃ ነው እኮ የምሄደው!"

"በረሃም ማታ ማታ ይበርዳል አሉ! ያዢ!"

ታናሽ እህቴ ምህረት ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዚፑን ለመዝጋት ትታገላለች። አልዘጋ ያለው በልብስ ብዛት እንዳይመስላችሁ። ኮረሪማ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ከጌጫ የመጣ አንድ ጠርሙስ ማር አለ። እማዬ ቢቻላት ጎደሬውንም ከነአፈሩ ትጨምረው ነበር።

በዚህ መሃል ጋሽ ደረጀ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ጋሽ ደረጀ አለቃዬ ናቸው፤ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አላቸው። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ካሴት አወጡ።

"አበባዋ ካሴት ናት" አሉኝ። "አሁን ሁሉ ነገራችን በሚሞሪ ካርድ ሆኗል፤ ለእኔ ምን ትሠራልኛለች? አንቺ ያዣት።"

ስለዚህች ካሴት ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም፤ ስለዚህ እኔ ሻንጣዬን እስክዘጋ ታገሱኝ።

ጋሽ ደረጀ ቤት ስገባ ሥራዬ ደንበኛ መቀበል ነበር። ካሜራ ማን አስተማረሽ ብትሉኝ ቁልፎቹ እላችኋለሁ፤ አንዱን ተጫንኩ፣ የሆነውን አየሁ፣ ሌላውን ተጫንኩ። ስሞቹን ከጋሽ ደረጀ የለቀምኩት በኋላ ነው። ድንኳኑን ከነሰዉ፣ ከነተራራው፣ ከነጉሙ ከሩቅ ስንይዘው ሎንግ ሾት ነው። የሙሽራዋን ዓይንና እንባ ብቻ ቀርበን ስንይዝ ክሎዝ አፕ። ካሜራውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ቀስ አድርጎ ማዞር ፓን። ካሜራው ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ሳይቋረጥ የተቀረጸው ደግሞ አንድ ቴክ ነው። ከዚያ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የምንፈልገውን እየቀዳን የማንፈልገውን እንዘላለን። ካሴት ቆረጥን የምንለው ይህንን እንጂ ቤቱ ውስጥ መቀስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ችግሩ በእኛ ሰርግ የማይፈለግ ሰው የለም። አንድ ጠረጴዛ ከተዘለለ ቤተ ዘመድ ለሁለት ይከፈላል። ከአማን የመጣችው አክስት እየጎረሰችም ቢሆን መታየት አለባት፤ ከቱም ድረስ ፍየል እየጎተተ የመጣውማ ከነፍየሉ ነው የሚታየው። ታዲያ የሙሽራው አጎት ሞቅ ብሎት ሲወድቅ፣ ወይም ሚዜዎቹ ሲቧቀሱስ? ያን ጊዜ ዘፈኑን እንዳለ እንተወውና ሥዕሉ ላይ አበባ እንደርብበታለን። እንዲህ መሃል ገብቶ ሌላ ነገር የሚያሳይ ሥዕል ከት አወይ ይባላል። አበባዋ ካሴት የዚህ መጋዘን ናት፤ የፈነዳ የቡና አበባ፣ ሙዝ ቅጠል ላይ የሚንከባለል ጠብታ፣ የጋሽ ደረጀ ግቢ ቀይ አበባ። ሰው የሚባል የለባትም።

እማዬ ገበያ ውላ ጎደሬዋን ስትጨርስ እኛ ጋ ገብታ ታርፋለች። ከአጠገቤ ተቀምጣ ስሠራ ታያለች። አበባ ብቅ ሲል "ደግሞ ማን ወደቀ?" ትላለች። አንድ ቀን ጎረቤቶቻችን የልጃቸውን ሰርግ ቪዲዮ ሊያሳዩን ጠርተውን፣ ሰው ሁሉ አበባውን ሲያደንቅ እማዬ ጮክ ብላ "አይ፣ እዚህ ጋማ ተጣልተው ነው" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ይኸው ሻንጣው ተዘጋ። በማግስቱ አውቶቡሱ በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ወሰደኝ፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ሻርጃ። ፍተሻው ላይ አንድ ወጣት መኮንን ሻንጣዬን ሲከፍት ማሩ ፈሶ ሹራቡ ጠጥቶታል። ሹራቡን በሁለት ጣቱ አነሳና አስቀመጠው። ካሴቷን አገኘ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ካሴት።"

"ምን አለበት?"

"አበባ።"

"ሌላስ?"

"አበባ ብቻ። አንድ ሰዓት ሙሉ።"

ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው "ለምን?" አለኝ። በዚያች በማትበቃ እንግሊዝኛዬ "ሰው ሲወድቅ... በላዩ... አበባ" አልኩ። ተያዩ። የቀብር ሥነ ሥርዓት የመሰላቸው ይመስለኛል፤ ፊታቸው አዘነና በአክብሮት አሳለፉኝ።

ውጭ ስወጣ የተቀበለኝ አየር ክዳኑ የተነሳ ድስት ነው። እርጥበቱ የሚዛን ነው፣ ዝናቡ ግን የለም። ዝናቡን አንድ ቦታ ደብቀው ላቡን ብቻ ለእኛ የተዉልን ይመስላል። መንገድ ዳር ግን አበባ አለ፤ እያንዳንዱ ሥር የውሃ ቱቦ ገብቶለት፣ እንደ ሕመምተኛ ጉሉኮስ ተሰክቶለት የሚኖር አበባ።

የመጣሁት ለቤት ሠራተኝነት ነው። የማዳም ቤት ሁለት ዓመት... እዚህ ጋ ለጊዜው አበባ ላስገባ። ከዚያ የማዳም ልጅ ተዳረች።

የእነሱ ሰርግ የሴቶችና የወንዶች አዳራሽ ለየብቻ ነው። በሴቶቹ በኩል ወንድ ካሜራማን አይገባም፤ ቀራጮቹም ሴቶች ናቸው። የእንግዶች ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። እኔ ጭማቂ አዞራለሁ። ከሁለቱ ቀራጮች አንዷ ራሷን አሟት ተቀመጠች። የስቱዲዮው ባለቤት ሱአድ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች፤ ጭንቀቷን አይቼ "ካሜራ መያዝ እችላለሁ" አልኳት። ትሪዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ሌላ ምርጫ አልነበራትምና ሰጠችኝ።

ይዤ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዎቹ! አንድም እንዳይዘለል፣ እያንዳንዷ እንግዳ እየጎረሰች፣ በክሎዝ አፕ! ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ስደርስ አዳራሹ "ላ! ላ!" በሚል የእምቢታ ጩኸት ተሞላ። ፊቷን በናፕኪን የሸፈነች፣ ጠረጴዛ ስር የገባች፣ አበባ ማስቀመጫ ፊቷ ላይ የደቀነች! ሱአድ ሮጣ መጥታ በክርኔ ጎተተችኝ።

"ምን ሆነሻል? እዚህ የሚቀረጸው ሙሽራዋና ቤተሰቧ ብቻ ነው!"

"ታዲያ የቀሩት አይቀየሙም?"

"ሲታዩ ነው የሚቀየሙት!"

በኋላ ሱአድ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ እየሳቀች ቆርጣ ጣለች። የሙሽራዋን ፊት የያዝኩበትን ግን ደጋግማ አየችው፤ የማዳም ቤት ውሌ ሲያልቅም የመኖሪያ ወረቀቴን ወደ ራሷ አዛወረች። አሁን ሥራዬ ይኸው ነው። ኤዲቲንጉ ሲያልቅ የሙሽራዋ እናት አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ያልገባውን ቀረጻ ሁሉ ዓይኗ እያየ አጠፋለሁ። እንዲህ አጠገቤ ስትቀመጥ እማዬ ናት የምትመጣብኝ።

ማዳም ቤት ሳለሁ አልጋ ነበረኝ፤ አሁን መፈለግ ነበረብኝ። አከራዩን ሁሉም ባቡ ይሉታል። መጋረጃ ገለጠና አሳየኝ።

"ይህ እኮ አልጋ ነው። ክፍሉስ?"

"ክፍሉ በአልጋው ዙሪያ ነው።"

"መስኮቱስ?"

"መስኮቱ የጽጌ ነው። እሷ ስትለቅ ለአንቺ ይሆናል።"

"መቼ ትለቃለች?"

"እዚህ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን አልነገረችኝም።"

"ሽንኩርት መጥበስ ይቻላል?"

"ሽታ ክልክል ነው።"

"አሁን የሚሸተው ዓሣ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አለ ኮራ ብሎ። "ዓሣ አይሸትም።"

ለቤት የምልከው ቪዲዮ ላይ ታዲያ ይህ የለም። ስልኬ ላይ ቆንጆ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃውን በሎንግ ሾት፣ ፈገግታዬን በክሎዝ አፕ፣ በመሃሉ የአደባባዩ አበባ። እማዬ ሰላም እንድታድር ብዬ ነው። ሰላም ያላደረችው ግን ምህረት ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፤ ቪዲዮዎቼን እያየች ልቧ ተነሳ፣ ደላላ አገኘች፣ ፓስፖርት አወጣች። "ለአንቺ ደልቶሽ ለእኔ ሲሆን ነው የሚከፋው?" አለችኝ ላስቆማት ብሞክር።

በማግስቱ እማዬ ደወለች።

"ቪዲዮሽን ሁሉ እንደገና አየሁት" አለች። "'ቤቴ ገባሁ' ትይና አበባ። 'በላሁ' ትይና አበባ። ማዳም ቤት የነበርሽበት ጊዜማ ሙሉውን አበባ ነው። አንቺ ልጅ፣ አበባው ስር ምን አለ?"

"ምንም የለም እማዬ።"

"እኔን ነው? ስንት ሰካራም ስትሸፍኚ አጠገብሽ ተቀምጬ ያየሁትን? ስሚ፣ ደላላው ቅዳሜ ፓስፖርቷን ሊወስድ ይመጣል። ከዚያ በፊት አንድ ላኪልን። ያልተቆረጠ። ይህቺም ልጅ አይታ ትወስን።"

አርብ ስልኩን ከፈትኩ። አንድ ቴክ። ከበሩ የጫማ ክምር ጀመርኩ፤ በመጋረጃዎቹ ላይ ቀስ ብዬ ፓን አደረግኩ፤ አልጋዬን፣ የጽጌን መስኮት አሳየሁ። ጽጌ ከእንቅልፏ ብንን ብላ "ማነሽ አንቺ? ብርሃኑን አጥፊልኝ!" አለች፤ እሱም ይግባ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ፊቴ አዞርኩና ከላይ አበባ ያስገባሁበትን ነገርኳቸው። ስልኬ አልፎ አልፎ ከሚሰጠኝ በቀር የማዳም መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ እንደነበር። እነሱ ሲወጡ በሩ ከውጭ ይቆለፍብኝ እንደነበር። የሚተርፈውን ቆሜ እበላ እንደነበር። ክንዴ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ አቀረብኩት። አፍንጫዬን ተናፈጥኩ፤ አልቆረጥኩትም። ሱአድንም ነገርኳቸው፤ ካሜራ ስይዝ ደስ እንደሚለኝም። እሱም እውነት ነውና። ላክሁት።

ማታ ስልኩ ጮኸ።

"አየነው" አለች እማዬ። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። "የዚያችን ልጅ እንቅልፍ አበላሸሽባት።"

"ምህረትስ?"

"ፓስፖርቷ ጎደሬው ጆንያ ስር ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ ግን የት እንዳለ ታውቃለች። የአንቺንስ መች ደበቅኩ? እንኪ፣ ራሷ ታናግርሽ።"

ምህረት ስልኩን ተቀበለች።

"እህቴ" አለች፣ "እንዲህ ከሆነ አንቺ ለምን አልተመለስሽም?"

እጄ ሳላስበው ራስጌዬ ያለችውን ካሴት ነካ። የሚያጫውታት ማሽን የለኝም፤ ቢኖረኝም ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አበባ የላትም። በስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። ምህረት ትጠብቃለች፤ እማዬ ከኋላዋ "አትዝጊው፣ ታስብበት" ስትላት ሰማኋት።

አልዘጋንም።