ቀጭኑ ሸክላና ወፍራሙ

«ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አሉ ጋሼ፣ በአገጫቸው ወደ ማጫወቻው እያመለከቱ።

«አንተ ነህ አባዬ፤ ስንቴ ልንገርህ?» አለች ልጃቸው።

«እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ይሄ ሰውዬ ጡረታ የወጣ ነው። እግሩን እየጎተተ ነው የሚዘፍነው።»

«ከዋናው ቴፕ እኮ ነው ያወጡት። ከዋናው! የተበላሸው ያንተ ሸክላ ነው።»

«ፈረንጅ እኔን ከእኔ በላይ ሊያውቀኝ ነው?»

ስልኬንና የቻርጀሬን ገመድ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከግቢያቸው ጀርባ የተከራየሁት ክፍል ሶኬቱ ከተቃጠለ ወዲህ ስልኬን የምሞላው እነሱ ሳሎን ነበር። ክርክሩ አዲስ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ስሰማው ሰንብቻለሁ። ሁለት የግጥም መስመር ጽፌ ሦስተኛውን ስፈልግ ያው ዘፈን አንዴ ሲሮጥ፣ አንዴ ሲያዘግም ይመጣል፤ ሦስተኛው መስመር ይጠፋል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ዘፋኝ ነበሩ። ያስቀረጹት አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ፊት ፌርማታ ላይ ቆማ ስለቀረች ልጅ የሚያወራ ዘፈን፣ በሌላኛው ፊት እሳቸውም የማያነሱት ሌላ ዘፈን አለ። አሁን አንድ የውጭ አገር አሳታሚ ያንን ዘፈን በወፍራም ሸክላ፣ በሚያብረቀርቅ ሽፋን እንደገና አሳትሞት ነበር። ቅዳሜ ሊመረቅ ነው። አዘጋጆቹ ጋሼ መድረክ ላይ ወጥተው ያንን አንዱን ዘፈን እንዲዘፍኑ ጠይቀዋል፤ መልሱንም እኔ በገባሁበት በዚያው ምሽት ይጠብቁ ነበር። ጋሼ ደግሞ «ድምፄ ሄዷል» ብለው መዝፈን ካቆሙ ብዙ ዘመናቸው ነው። ልጃቸው እንዲዘፍኑ ትፈልጋለች። እሳቸው አዲሱ ሸክላ ውሸት መሆኑን ካረጋገጡ ምረቃውም ውሸት ይሆንላቸዋል፤ መልስ መስጠትም አያስፈልግም።

«ና ግባ፣ ገጣሚው» አሉኝ። «ግጥም የሚጽፍ ሰው ጆሮ አለው ይባላል። ፍረድ።»

«ጋሼ፣ እኔ ስለ ሸክላ ምንም አላውቅም።»

«ጥሩ። የሚያውቁት ናቸው ያስቸገሩን።»

ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞር አደረጉኝና ሁለቱንም አሰሙኝ። ከመስኮቱ ማዶ ገና ያልተለሰነ ፎቅ አለ፤ አንድ ግንበኛ ባሬላ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። እሱን እያየሁ ሰማሁ።

መጀመሪያ አሮጌው መጣ። ገና መርፌው ሲያርፍ ቆሎ የሚቆላ ይመስላል። ከዚያ ባንዱ ተግተልትሎ ይገባና የጋሼ ድምፅ ከላይ ይቀመጣል፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ጠርዙ የተላጨ። ቤዝ ጊታሩ ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ ነገር ነው።

ቀጥሎ አዲሱ። ከዘፈኑ በፊት ያለው ዝምታ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር። ቤዙ እያንዳንዱን እርምጃ እየቆጠረ ይሄዳል። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ረጋ ያለ ነው።

«እኔ እንዲህ አልተነፍስም» አሉ ጋሼ።

«ሰው ሁሉ ይተነፍሳል አባዬ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

አሮጌው እንደሚሻለኝ ተናገርኩ። በአሮጌው ላይ የሚዘፍነው ሰው አውቶቡሱ እንዳያመልጠው የፈራ ነው፤ በአዲሱ ላይ ያለው ካመለጠው ቆይቷል። ጋሼ ጉልበታቸውን መቱ። ልጅቱ እንደ ከሃዲ አየችኝ።

ወደ እነሱ ስዞር ነው ሁለቱን ማጫወቻዎች ያስተዋልኩት። ጠረጴዛው ላይ ልጅቱ ቤቴል ሰፈር ከምትሠራበት ስቱዲዮ የተዋሰችው ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ማጫወቻ አለ። ከሥሩ፣ ዱካ ላይ፣ የጋሼ የራሳቸው ማጫወቻ አለ፤ እንደ ሻንጣ የሚከደን፣ መርፌውን የያዘው ክንድ ላይ አንድ ሳንቲም በላስቲክ የታሰረበት። ሸክላው ሲጫር መርፌው እንዳይዘል የተደረገ ነው። አዲሱ ሸክላ ላይኛው ላይ ነበር፤ አሮጌው ታችኛው ላይ።

«ለምን ሁለቱንም በአንድ ማጫወቻ አንሰማቸውም?» አልኩ።

ሁለቱም እኩል «አይሆንም!» አሉ።

ልጅቱ ያ ሳንቲም የተጫነበት መርፌ አዲሱን ሸክላ እንደ ማረሻ ያርሰዋል ባይ ናት። ጋሼ ደግሞ የማያውቁት መርፌ አንድያ ሸክላቸውን እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነበር የተከራከሩት፤ እያንዳንዱ የራሱን ሸክላ በራሱ ማጫወቻ እያሰማ።

«ፈራህ» አለች ልጅቱ።

«ማን? እኔ?» ጋሼ ሸክላቸውን አንስተው በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉትና ሰጧት። «ከተጫረ ከቤት ነው የምትወጪው።»

ጥቁሩ ማጫወቻ ላይ አስቀመጠችው። ቆሎው ተቆላ። ባንዱ ገባ፤ አዘገመ። ያው ቀጭኑ ሸክላ፣ ያው ጭረት፣ ድምፁ ግን የወፍራሙ ነው። «ሽማግሌው» ከራሳቸው ሸክላ ውስጥ ይዘፍን ጀመር።

ጋሼ ዘፈኑ ሲያልቅ «ማሽንሽ ሰንፏል» አሉ። ሲናገሩ ግን እንደ ቅድሙ አልጮኹም።

ልጅቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአሮጌውን ማጫወቻ ሰሃን አነሳች። ከሥሩ ሰሃኑን የሚያሽከረክረው ትንሽ የሞተር ዘንግ አለ። ዘንጉ ላይ በዕድሜ የጠቆረ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ምንድነው?»

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። መልሰው ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ የጠመጠምኩት» አሉ። «አንቺ አልተወለድሽም። ያኔ እዚህ ቀራንዮ መብራቱ ማታ ማታ ይደክም ነበር። ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲያበራ ማጫወቻው እንደታመመ በሬ ያቃስታል። ፕላስተር ሲጠመጠምበት ዘንጉ ይወፍራል፤ ይፈጥናል። አንድ ጓደኛዬ ነው ያሳየኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትራንስፎርመር ተተከለ። መብራቱ በረታ።»

«ፕላስተሩስ?»

ፕላስተሩን ማንም አላነሳውም ነበር። መብራቱ ከበረታ ጀምሮ ሸክላው ከልኩ በላይ ሲሮጥ፣ ድምፁም ከልኩ በላይ ሲቀጥን ኖሯል፤ ጋሼም ያንን የራሳቸው ወጣትነት ነው ብለው ሲሰሙ ኖረዋል። ባንዱ ተበትኖ ስለነበር ድምፁን የሚያመሳክሩበት ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ሰርግ ላይ ዝፈኑ ሲባሉ በሩን ዘግተው ከሸክላው ጋር ይለማመዳሉ፤ ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ይሰነጠቃሉ። ከዚያ ወጥተው «ድምፄ ሄዷል» ይላሉ። ይህን የነገሩን እዚያው ቁጭ ብለው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

ልጅቱ የጥቁሩን ማጫወቻ መርፌ እንደገና ከመጀመሪያው ላይ አኖረችው። «ሞክረው» አለች።

«ተይኝ።»

«ገጣሚውን ፊቱን አዙረው።»

ሳልጠየቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ግንበኛው ዳቦውን ጨርሶ ሄዷል። መጀመሪያ ጋሼ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ከዚያ ቃላቱ መጡ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ቀዳዳም አለው። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ልጅቱ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ። ጋሼ ወጡበት፤ ቆዩበት፤ ወረዱ። ወዲያው መዝፈኑን ተዉት። ሸክላው ብቻውን ቀጠለ።

«አባዬ!» አለች ልጅቱ እየሳቀች። «ትችላለህ እኮ! ይሄን ሁሉ ዘመን ትችል ነበር!»

ባትለው ጥሩ ነበር። ዞሬ ሳያቸው ፕላስተሩን በጥፍራቸው ከዘንጉ ላይ እየላጡ ነው። ደርቆ ስለነበር ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የወጣላቸው።

«ስንት ሰው መለስኩ» አሉ፤ ለማናችንም አይደለም። «የእናትሽ ወንድም ሰርግ ላይ እንኳ። እስከ ሞቱ ቂም ያዘብኝ።»

ልጅቱ መሳቋን አቆመች። ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ታዲያ አዘጋጆቹን ምን ልበላቸው?»

ጋሼ ኮፍያቸውን ከወንበሩ ጀርባ አነሱ። ቁርጥራጮቹን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ የሚጥሉበት የፈለጉ ይመስል ዙሪያውን አዩና ኪሳቸው ከተቷቸው።

«ቅዳሜ ይመጣል በያቸው» አሉ። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ማጫወቻ በአገጫቸው አመለከቱ። «ባንዱ በዚህኛው ልክ ይምታልኝ። በዚያኛው አይደለም።»

«አሁን ወዴት ነው? ጨለመ እኮ።»

ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። የሳሎኑ በር ክረምት ላይ ያብጣል፤ ሁላችንም በእርግጫ ነበር የምንዘጋው። ጋሼ ከውጭ ሆነው እጀታውን ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት፤ እንጨቱ መቃኑን እየፋቀ ሄደና ገጠመ።